ጀርባቸውን የሰጡ ሯጮች

ሟቹ የተገኘው በጎርፍ መከላከያው ግንብ ደረጃ ግርጌ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ አንድ እጁ ከሆዱ ሥር ታጥፎ ነበር። ብርቱካናማ ሰደርያው በጭቃ ተለውሷል። ኢንስፔክተር ጎንግ ዩሩ ከአጠገቡ ቁጢጥ ብላ የጭንቅላቱን ቁስል ስትመረምር ስልኳ ጠራ። አለቃዋ ነበር።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አላት።

«ስድሳ ስድስት።»

«ደረጃው እርጥብ ነው?»

«ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው።»

«በቃ፣ ተንሸራቶ ወድቋል። እንደዚያ ብለሽ ጻፊና ቅዳሜሽን እረፊበት።»

«ቁስሉ ሁለት ነው» አለች ጎንግ። «ተንሸራቶ የወደቀ ሰው ተነሥቶ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አይወድቅም።»

«እነዚያ ሰዎች እኮ ናቸው፣ ዩሩ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው ታውቂያለሽ። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚኖሩት። የቡድናቸውን ሠላሳኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው አሉ። ነገሩ ከተነካካ ጋዜጠኛ ይንጋጋብናል።»

«ይንጋጋ» ብላ ዘጋችው።

ከደረጃው ራቅ ብለው አሥራ አንድ ሰዎች ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ሁሉም ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ ሁሉም «የወንዝ ዳር ጤና ቡድን» የሚል ቀይ ካናቴራ ለብሰዋል። ቡድኑ ሲመሠረት ስሙ የተመረጠው ምንም ስለማይናገር ነበር። ወንዙ ሌሊት ሞልቶ የሩጫው መንገድ ላይ ደለል ጥሏልና የሰዎቹ ጫማ እስከ ማሰሪያው ድረስ ጭቃ ነው። ጎንግ አሥራ አንዱንም ከእግራቸው ጀምራ ወደ ላይ አየቻቸው። ረጅሙና ሸበቶው ሰውዬ ዘንድ ስትደርስ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። ነጭ ጫማው ላይ ጭቃ ያለው ከሶሉ ጠርዝ ብቻ ነበር።

«ላባችሁ ደርቆባችኋል» አለች። «ለምን ቤታችሁ ገብታችሁ ልብስ አትቀይሩም?»

«በምን ቁልፍ?» አለች አንዲት አጠር ያለች ሴት። ፔይሊን ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። «ቁልፋችን ያለው ጋሼ ሹ ወገብ ላይ ነው» አለች ወደ ሟቹ እያመለከተች።

«የሁላችሁም?»

«የሁላችንም። ጭራው ነው የሚይዘው። ከሁሉ ኋላ የሚሮጠውን ጭራ ነው የምንለው።» ፔይሊን አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «በሁለተኛው ዓመታችን አንድ ልጅ ወደ ኋላ ቀረብን። ድልድዩ ሥር አራት ሰዎች ይዘው ቀጠቀጡት። እሱ መሬት ላይ ሲንከባለል እኛ ቤታችን ገብተን ገላችንን እየታጠብን ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼ ሹ አንድ ሐሳብ አመጣ። ሁሉም ቁልፉን ለመጨረሻው ሰው ይስጥ። ያ ሰው ካልመጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመታችን።»

ጎንግ የሟቹን የወገብ ቦርሳ ለመክፈት ሞከረች። ዚፑ መሐል ላይ ያዛት። አንድ ቀጭን ቀይ ክር የዚፑ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ነበር። ክሩን በጥንቃቄ አውጥታ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። ቁልፎቹን መሬት ላይ በተነጠፈ ፕላስቲክ ደርድራ እያንዳንዱ የራሱን ከሩቅ እንዲያመለክት ጠየቀች። ቁልፎቹ አሥር፣ ሰዎቹ አሥራ አንድ ናቸው።

«እኔ ዛሬ ቁልፍ ይዤ አልመጣሁም» አለ ሸበቶው። ካንግ ዚሊያን ይባላል። የቡድኑ ሊቀ መንበርና ከሁሉም ፈጣኑ ሯጭ ነው፤ ከግንቡ ማዶ የስፖርት ጫማ ሱቅ አለው።

ጎንግ የቁልፎቹን ቁጥር ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«የኔ እመቤት» አለ ካንግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከግንቡ ወዲያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ስኩተር ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። እሷን ይጠይቁ። ለሃያ ሰባት ዓመት እዚህ ዝር ብላ አታውቅም። ዛሬ መጣች፤ ዛሬ ሹ ሞተ።»

የቀሩት አልተቃወሙትም። አንድ ሁለቱ ወደ ግንቡ የወረወሩት ዓይን ጎንግን አሳመማት።

«ማን ናት?»

«ፋን ዩዪን» አለች ፔይሊን፣ ስሙን መጥራት የተጸየፈች ይመስል። «የሸጠችን።»

ጎንግ ፔይሊንን ለብቻዋ ወደ ጎን ወሰደቻት።

«ሹን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው አንቺ ነሽ?»

«ከእሱ ፊት ለፊት ነበርኩ። እዚህ ደረጃ ጋ ስደርስ ዞር ብዬ አየሁት። ቆሟል። 'ምነው ጋሼ፣ ደከመህ?' አልኩት። 'ሂጂ ሂጂ፣ የምጠብቀው ሰው አለኝ' አለኝ። እኔም ሄድኩ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ሁላችንም ሁልጊዜ የምንቆርስበት ቁርስ ቤት ገባን። ካንግማ ከሁሉ ቀድሞ ገብቷል። ጋሼ ሹ ሲዘገይ ሊቀበለው ወደ ኋላ ተመለሰ። ፈጣኑ ጭራውን ለመቀበል ይመለሳል፤ ወጋችን ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጥቶ 'አጣሁት' አለን። ከዚያ ሁላችንም ወጣንና አገኘነው።»

«ጠዋት ስትነሱ ሁሉም ደኅና ነበር? የተኮራረፈ ሰው አልነበረም?»

«ኧረ እየሳቅን ነው የተነሣነው። ጋሼ ሹ ቁልፍ ሲሰበስብ አፉ አያርፍም። የዲንግን ቁልፍ ተቀብሎ 'ይኼ የቤት ነው የመሳቢያ?' ይላል። የካንግን ተቀብሎ ደግሞ ወገቡን እንደ ታመመ ሰው ይዞ 'አንተ ሱቅ ነው ያለህ ወህኒ ቤት?' ይለዋል።» ፔይሊን ልትስቅ ስትል ፊቷ ተበላሸ። «በየሳምንቱ ያንኑ ቀልድ። በየሳምንቱ እንስቃለን።»

ጎንግ ማስታወሻዋን ዘጋች።

የሟቹ ባል ዌይ ቦሹን አይሮጥም። ጉልበቱ ከተሠራ ወዲህ ሥራው ቁርስ ቤት ገብቶ ወንበር መያዝ ነው። ጎንግ ስትደርስ ከተገጣጠሙት ጠረጴዛዎች ራስጌ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ያልነካውን የአኩሪ አተር ወተትና የተጠበሰ ሊጥ እያየ ነበር። ወንበሮቹን ቆጠረች። አሥራ አራት ናቸው።

«ሯጮቹ አሥራ ሁለት፣ ከእርስዎ ጋር አሥራ ሦስት» አለች። «አንዱ የማን ነው?»

«የፋን። ጋብዟት ነበር።» ዌይ ቀና አላለም። «የቡድኑን ታሪክ እየጻፈ እንደነበር ያውቃሉ? አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ነጥብ ያለ ቦታዋ ካየ አይተኛም። ፋን ሸጠችን የተባለበትን ዓመት ሊጽፍ ሲል ግን አልሆነለትም። 'ፋንን ማንም ጠይቋት አያውቅም' አለኝ። ሄዶ ጠየቃት። ከዚያ እንደ ታመመ ሰው ሆኖ ተመለሰ።»

«ምን ነገረችው?»

«አልነገረኝም። 'ነገሩን ባለቤቱ ይናገረው' አለ። 'ቅዳሜ፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ በሁሉም ፊት። እስከዚያ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።' ዛሬ ሲወጣ ሰደርያው ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ ከትቷል።»

«ኪሱ ውስጥ ፖስታ የለም።»

ዌይ ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል። «እንግዲያው ጊዜ መስጠቱ ነው የገደለው። ደግነቱ። እኔ ብሆን በማግስቱ ገበያ መሐል ቆሜ እጮህ ነበር።»

ጎንግ ማስታወሻዋን ኪሷ ከተተች። ትከሻውን በእጇ ነካ አድርጋ ወጣች።

ፋን ዩዪን ስኩተሯ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ደረቷ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች።

«እኔን ሊወስዱኝ ነው?» አለች። «አይዘግዩ። እነዚያ ሰዎች ፈርደው ጨርሰዋል። መፍረድ ይችሉበታል።»

«ለምን ወደ ቁርሱ አልገባሽም?»

«ፈራሁ። ሹ ከደረጃው ታች እጠብቅሻለሁ፣ አብረን እንገባለን ብሎኝ ነበር። ደረጃው ጋ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ። ተመልሼ እዚህ ተቀመጥኩ። ያየኝ ሰው የለም፤ ያየሁትም የለም። ይኼው ነው።»

«ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የሆነውን ንገሪኝ።»

ፋን ወደ ግንቡ እያየች ተናገረች። «ያኔ ፎቶ ስንነሣ ጀርባችንን ነበር ለካሜራ የምንሰጠው። ስልክ ማውጫ እንኳ ላይ ስማችንን የማናስገባ ሰዎች ነበርን። ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። የዓመቱ ትልቅ ሩጫ ቀን ግንቡ ሥር ቆሜ 'በሉ' አልኩ። ሁሉም ዞሩ። ጀርባቸው ወደ እኔ፣ ፊታቸው ወደ ወንዙ። ወንዙ ዳር ሣሩ ውስጥ ደግሞ የጋዜጣ ሰው ተደብቋል።»

«ወጋችሁን የሚያውቅ ሰው ነው እዚያ ያስቀመጠው።»

«በማግስቱ ከነፊታቸው ጋዜጣ ላይ ወጡ። አሥራ አንድ ሰው። ወደዚያ ያዞርኳቸው እኔ ስለነበርኩ የሸጥኳቸው እኔ ሆንኩ። ስምንት ሰው የፈረመበት፣ ከቡድኑ የሚያባርረኝ ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ላኩልኝ። ጃዌን መምህር ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት አባረሩት። በአሥረኛው ቀን ሬሳው ከወንዙ ወጣ። ፖሊስ ተንሸራቶ ነው አለ።»

«ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጎንግ። «በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት። አለቃዬ ተንሸራቶ በይ አለኝ፤ ቤተሰቡም እንደዚያ እንዲባል ፈለገ፤ ጻፍኩ። ኪሱ ውስጥ አራት ድንጋይ ነበር። በእጄ ነው ያወጣኋቸው።»

ፋን ከስኩተሩ ወረደች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ቆሙ።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አሁን የመጡት እኔን ለመክሰስ ነው ወይስ ለመናዘዝ?»

«ለሹ ያሳየሽውን ፎቶ ለማየት። ፖስታው ውስጥ የነበረው እሱ ይመስለኛል።»

ፋን ለመስጠት አልቸኮለችም። የምትሰድባትን ስድብ የምትመርጥ ትመስል ነበር። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቁራጭ የፊልም ነጌቲቭ አወጣች። «ለሹ የሰጠሁት ታጥቦ የወጣውን ነው። እናቱ ይቺ ናት። ማንም አሳዪን ብሎኝ ስለማያውቅ ለማንም አላሳየሁም።»

ጎንግ ነጌቲቩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ አየችው። አሥራ አንድ ጀርባ ቆሟል። ከዳር ያለው አሥራ ሁለተኛው አንድ እግሩን ወደ ጎን አውጥቶ አጎንብሷል፤ እጆቹ ጫማው ላይ ናቸው።

«ይኼ ካንግ ነው?»

«ካንግ ነው። ዕድለኛው ካንግ። ጋዜጣው ላይ ከእሱ የወጣው የጭንቅላቱ አናት ብቻ ነው። ጋዜጣው ሥዕሉን ከወገብ በታች ቆርጦታል። 'የጫማ ክር አዳነው' እያሉ ሲስቁበት ኖሩ።»

ጎንግ የአጎነበሰውን ሰው እግር ደጋግማ አየችው።

የካንግ ሱቅ ከደረጃው የአራት ደቂቃ መንገድ ነው። የብረት መዝጊያው ተነሥቷል፤ ቁልፉ ከነመቆለፊያው ተንጠልጥሏል። ስንዝር የሚያህል ከባድ የነሐስ ቁልፍ ነው፤ ራሱ ላይ የተበጠሰ ቀይ ገመድ ታስሯል።

«ይኼን ተሸክሞ መሮጥ አይቻልም» አለች ጎንግ።

ካንግ ሳቀ። «ስለዚህ ነው ዛሬ ከአበባው ማሰሮ ሥር ትቼው የወጣሁት። የአጎቴ ነው። የሠራው አንጥረኛ ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አምሳያ የለውም። ቢጠፋ ግድግዳውን ማፍረስ ነው።»

ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩትን የጫማ ካርቶኖች አየች። ከመስኮቱ አጠገብ በመስታወት ውስጥ ያረጀ ሰማያዊ ጫማ ተቀምጧል። ከጎኑ ነጭ ሪባን በጥቅል በጥቅል ተከምሯል።

«ሪባኑ ለምንድን ነው?»

«ለጃዌን መታሰቢያ ሩጫ። በየዓመቱ እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ሁሉም ክንዱ ላይ ያስራል።» ፊቱን አከበደ። «ያ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም።»

«ጫማውስ?»

ፊቱ ወዲያው በራ። «እሱ የአጎቴ ኩራት ነው። ክር የሌለው፣ በተለጣፊ ማሰሪያ የሚታሰር የሩጫ ጫማ በዚህ ከተማ መጀመሪያ ያስመጣነው እኛ ነን። አጎቴ ማስታወቂያ ይሆናል ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሌላ አላስጫማኝም። ጃዌን በሞተበት ዓመት ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ይህንን ከእግሬ ላይ አስወልቆ ነው መስታወት ውስጥ ያስገባው።»

«ጥሩ ትውስታ አለዎት» አለች ጎንግ፣ ዓይኗ ወደ እግሩ ወርዶ። «አሁን ያደረጉትስ? ዛሬ የሮጡበት ነው?»

«አዎ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሁሉም እዚያው ቁርስ ቤት ተሰበሰቡ። የጠራቻቸው ጎንግ ናት። ዌይ ከራስጌ ተቀመጠ፤ አሥራ አንዱ ሯጮች ግራና ቀኝ። ፋን ልትቀመጥ እንቢ ብላ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ወጥ ቤቱ ጋ ነበሩ።

«ከቁልፉ ልጀምር» አለች ጎንግ። ድምፏ ዝቅተኛ ነበር፤ ጥርሷን ግን ነክሳለች። «ትናንት ማንኛችሁም ቤታችሁ መግባት አልቻላችሁም። ቦርሳው ከሬሳው ወገብ በቀጥታ የመጣው ወደ እኔ እጅ ነው። እኔ ለማንም አልመለስኩም። ሦስት ሰዓት ላይ ግን የአቶ ካንግ ሱቅ ተከፍቶ አገኘሁት።»

«ቁልፌን አልሰጠሁም ብያለሁ» አለ ካንግ።

«ሰጥተሃል እኮ» አለች ፔይሊን ግራ ገብቷት። «ጋሼ ሹ ወህኒ ቤት ብሎ ሲቀልድብህ…» ንግግሯን ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች።

«ተሳስተሻል። ያ የባለፈው ሳምንት ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ጎንግ። «ቀልዱ በየሳምንቱ ነው። የሟቹ ቦርሳ ዚፕ ውስጥ ግን ትናንት ቀይ ክር አግኝቻለሁ። ከእርስዎ ቁልፍ ገመድ የተበጠሰ ነው፤ ላቦራቶሪው አረጋግጧል። ቁልፉ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል። ያለ አምሳያ ነው ብለውኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሞተ ሰው ወገብ ላይ አውጥቶታል፤ ቸኩሎም ዚፑን ሲዘጋ ክሩን አስይዞታል።»

ጎንግ ከጠረጴዛው ሥር ያሉትን ጫማዎች አየች።

«ለምን? ትናንት አሥራችሁ እስከ ማሰሪያችሁ ጭቃ ነበራችሁ። አንድ ሰው ግን ነጭ ጫማ አድርጓል። ስምንት ኪሎ ሜትር ያንን ደለል የሮጠ ጫማ ነጭ ሆኖ አይመጣም። ሯጮቹን ተቀላቅሎ ለመመለስ ደም ያረፈበትን ጫማ መቀየር ነበረበት፤ ለመቀየር ሱቁን መክፈት ነበረበት፤ ሱቁን ለመክፈት ደግሞ ቁልፉን ከጭራው መቀበል ነበረበት።» ወደ ካንግ ዞረች። «ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ልማድ እጅዎ በራሱ ጊዜ ቁልፉን ሰጠ። ሊገድሉት አስበው ቢነሡ ኖሮ ኪስዎ ውስጥ ያስቀሩት ነበር። አላሰቡም። እዚያው ደረጃ ላይ ነው የወሰኑት።»

«ጫማውን አምጭው እስቲ» አለ ካንግ። ድምፁ ግን ተሰንጥቋል።

«ሱቅዎ ውስጥ አራት መቶ ሰባት ካርቶን አለ። ከሦስት መቶ በላይ ከከፈትን በኋላ አገኘነው። ከነጭቃው፣ ከነደሙ። ፖስታውም እዚያው ነበር።»

ጎንግ ከፖስታው ፎቶውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገፋችው። ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን አገጣጠሙ። አብዛኞቹ ያንን ቀን ከጋዜጣው በቀር አይተውት አያውቁም።

«ጋዜጣው እግራችሁን ቆርጦት ነበር» አለች። «እዚህ ግን አለ። አቶ ካንግ አጎንብሰው ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ማሰሪያውን ልብ ብላችሁ እዩት።»

ከዳር የተቀመጠው አዛውንት ዲንግ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ፎቶውን አፍንጫው ድረስ አቀረበ። «ተለጣፊ ነው» አለ። «ክር የለውም።»

«ክር በሌለው ጫማ ላይ ክር ሲያስር የነበረ ሰው ነው» አለች ጎንግ። «ለምን? ሁላችሁም ዞራችሁ ፊታችሁን ወደ ወንዙ ስትሰጡ፣ እዚያ ካሜራ እንዳለ ከአሥራ ሁለታችሁ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ፊቱን ደበቀ። ሹ አርባ ዓመት ሌሎች ያለፉትን ስሕተት ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ፎቶውን ባየ ቀን ገባው። ገብቶትም ደግ ሆነ። ራስህ ተናገር አለው።»

ካንግ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ጋዜጠኛው መናፈሻ ውስጥ ከአንድ ወንድ ጋር ሆኜ አገኘኝ» አለ። «የአንተን ፊት ላውጣው ወይስ የሁሉንም ትሰጠኛለህ አለኝ። አጎቴ ቢያውቅ ያርደኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አንዱን ወይስ ሁሉን አለኝ፤ ሁሉን ሰጠሁ። ምን ላድርግ? እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ጃዌን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር» አለ ዌይ።

«እሱ ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«በየዓመቱ ሪባን ስታስርልን» አለች ፔይሊን። «በእጅህ፣ ክንዴ ላይ። 'ጠበቅ ላድርገው?' እያልክ።»

«ለእሱ ብዬ ነው የማደርገው። ዕድሜዬን በሙሉ ለዚህ ቡድን ሰጥቻለሁ። ሹን ለመንኩት። በሕይወት የሌለውን አታስነሣውም፣ ተወው አልኩት። እንቢ አለ። ፖስታውን ልነጥቀው ስል ተያያዝን፤ ወደቀ።»

«ሁለተኛውስ?» አለች ጎንግ።

ካንግ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ።

«ሁለት ቁስል ነው ያለው፣ አቶ ካንግ። የመጀመሪያው ከደረጃው ነው። ሁለተኛው ከድንጋይ ነው። በመሐሉ ምናልባት ስምዎን ጠርቶ ይሆናል።»

«ስሜን ጠራ» አለ ካንግ በጣም በቀስታ።

ጎንግ ለፖሊሶቹ በዓይኗ አመለከተች። ይዘውት ሲወጡ በፋን አጠገብ ማለፍ ነበረበት። ፋን መንገድ አልለቀቀችለትም። ፖሊሶቹ በጎኗ አዙረው አሳለፉት። እሱ ፊቷን አላየም፤ እሷ ግን በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ውስጥ የቀሩት ሰዎች የአኩሪ አተር ወተት ቀዝቅዞ ስስ ልባስ ይዟል። ፔይሊን ተነሥታ ባዶውን ወንበር ሳበች።

«እትዬ ፋን፣ ነይ ተቀመጪ። በሞቴ።»

«አልቀመጥም።»

«ጥፋት አጥፍተናል። ይቅርታ…»

«ይቅርታሽን አስቀምጪው» አለች ፋን። ድምፏን ከፍ አላደረገችም። «ሃያ ሰባት ዓመት የእናንተ ሥጋ ሻጭ ሆኜ ኖርኩ። እናቴ የሞተች ጊዜ አንድ ሰው በሬን አላንኳኳም። ገበያ ስታገኙኝ መንገድ ትቀይሩ ነበር። ትናንት እንኳ፣ ሹ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ እጃችሁ ወደ እኔ ነበር የተቀሰረው። እኔ የመጣሁት ቁርስ ልበላ አይደለም።»

«ምን እናድርግ?» አለ ዌይ።

«ሹ ያንን ዓመት ሳይጽፈው ሞተ። ወረቀት አምጣ።»

ዌይ ከቦርሳው የባሉን ጽሑፍ አወጣ። ወፍራም ጥቅል ነበር። ገልብጦ ገልብጦ አናቱ ላይ ዓመቱ ብቻ ከተጻፈበት ባዶ ገጽ ላይ ደረሰ። እስክሪብቶውን ከፈተ።

«ደብዳቤው ላይ ስምንት ሰው ፈርሟል» አለች ፋን። «አንዱ አሁን ወጣ፤ ሁለቱ በሕይወት የሉም፤ አምስቱ እዚህ ተቀምጣችኋል። ደብዳቤው እኔ ዘንድ ስላለ አውቃችኋለሁ። ግን ከአፋችሁ መስማት እፈልጋለሁ። ስማችሁን ከነአባታችሁ ተናገሩ፤ ዌይ ይጽፈዋል፤ በታሪኩ ውስጥ ይወጣል። ሠላሳኛ ዓመታችሁን እሱን ይዛችሁ አክብሩ።»

ጎንግ ወጥታ መሄድ ነበረባት። መኪናው ይጠብቃታል፤ ለአለቃዋም የምታደርሰው ሪፖርት አለ። አልሄደችም። በሩ አጠገብ፣ ከፋን ክንድ ርቀት ላይ ቆመች።

«ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ» አለች ፔይሊን። ስሟን ከነአባቷ ተናገረች። እንባዋ አገጯ ላይ ነበር፤ አልጠረገችውም። ዌይ ጻፈ።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ተናገረ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ዌይ ራሱ ብዕሩን ትንሽ አቁሞ፣ «እኔም ፈርሜያለሁ። ሹ አትፈርም ብሎኝ ነበር» አለና የገዛ ስሙን በገዛ እጁ ጻፈ።

አዛውንቱ ዲንግ የመጨረሻው ነበር። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ወተቱ ሳህን የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁም» አለች ፋን።

ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረና ስሙን ደገመው።